ሐኪም ከሩቅ፥ ዘመድ ከቅርብ

ስለ ጭንቀት፥ ስለ መከራ ቍስልና ስለ ሱስ በስልክና በኢንተርኔት ስለሚሰጠው ሕክምና

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ በዳባት በኩል አልፎ ደባርቅ ሲደርስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዟል። ከደባርቅ ደግሞ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ገብቶ፥ ሳንቃበርን አልፎ፥ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ሲወጣ ጨነቅ ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ ዋልያና ጭላዳ የሚታዩበት፥ ብርዱ የበረታ ቦታ ነው። ስሙ ለጆሮ ከጭንቀት ጋራ አንድ ነው፤ ነገር ግን እንግዳ ሰው ከዚያ ሲደርስ ውበቱን አይቶ ይደሰታል እንጂ አይጨነቅም። እውነተኛው ጭንቀት የሚገኘው በስፍራው ሳይሆን በሰው ልብ ነው፤ ያውም በደጋው ጎጆ ብቻ ሳይሆን በከተማውም አዳራሽ፥ በድኻው ብቻ ሳይሆን በባለ ሥልጣኑም ቤት ነው።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት ያሰብነው፥ ይኸን የልብ ጭንቀት፥ ከመከራ የተረፈ ሰው የሚሸከመውን የውስጥ ቍስልና የመጠጥን የጫትን ሱስ፥ ሐኪሙ ሩቅ አገር ሳለ በስልክና በኢንተርኔት ማከም የሚቻል መሆኑን ነው። የነገሩንም ፍሬ አስቀድመን እንናገራለን፤ መስመሩ ሐኪሙን ከሩቅ ያቀርባል፥ የቅርቡን ዘመድ ግን አይተካም። ሕክምናው የሚረዳው በታማሚው አጠገብ ምስጢር የሚጠብቅ፥ የማይነቅፍና የማይሰለች ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ነው። ይህም ሰው የሚገኘው ከእኛው ቤት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። እጁ የተሰበረ ሰው ሳያፍር ወጌሻ ይጠራል፤ ልቡ የታመመ ሰው ግን ሰው እንዳያውቅበት በሩን ይዘጋል። ቤተ ሰቡም ለስሙ ሲል አብሮ ይደብቃል። ስለዚህ ሕመሞቹን በየስማቸው ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ጭንቀት ሁሉ በሽታ አይደለም። ዝናብ የዘገየበት ገበሬ ቢጨነቅ፥ ልጁ ለፈተና የተቀመጠችበት አባት ቢጨነቅ የሰው ጠባይ ነው፤ ነገሩ ሲያልፍ ያልፋል። በሽታ የሚሆነው ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ሳይለቅ የቀረ እንደ ሆነ፥ ወይም ልብን እየመታ፥ ትንፋሽን እያሳጠረ፥ እንቅልፍን እየነሣ ሰውየውን ከሥራውና ከወዳጆቹ የለየው እንደ ሆነ ነው። የመከራ ቍስል የምንለው ደግሞ ሞትን በዐይኑ ላየ፥ ወይም በሰውነቱ ግፍ ለተፈጸመበት ሰው የሚተርፈው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ያለፈው ነገር አላለፈም፤ ሌሊት በቅዠት ይመለስበታል፥ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፥ መከራው በደረሰበት መንገድ ማለፍ ይሳነዋል። ሱስም የጠባይ ብልሹነት ብቻ አይደለም። አረቄው መጀመሪያ የሚጠጣው ለእንቅልፍ ወይም ለመርሳት ነው፤ ኋላ ግን ስካሩ ሲበርድ ጭንቀቱ አይሎ ይመለሳል፥ ያንን ለማብረድም ሌላ መለኪያ ይቀዳል። ስለዚህ ሦስቱ ሕመሞች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው ይገኛሉ።

በደባርቅና በዳባት ይህ ነገር ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ እነዚህ ወረዳዎች ደረሰ። በነሐሴ ወር መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጨና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ፤ ይኸንንም የአገር ውስጥና የውጭ ጋዜጦች፥ እንዲሁም የሰብአዊ መብት መርማሪዎች መዝግበውታል። ደባርቅ ከየአቅጣጫው የተፈናቀለውን ሕዝብ ተቀበለች፤ በዳባት አጠገብ በአለምዋጭም ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፈሩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በዚህ ሁሉ መካከል ጎብኚ ስለ ቀረ፥ በፓርኩ መንገድ በመምራት፥ በቅሎ በማከራየትና ምግብ በማብሰል ይኖር የነበረው ሰው ገቢው እጅግ ጐደለ። የተቃጠለ ቤት ለሁሉ ይታያል፤ በልብ የተዳፈነው ፍም ግን ለባለቤቱ ብቻ ይታወቃል።

ይኸንን ፍም የሚያጠፋ ባለሙያ ከወዴት ይገኛል? በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሺያሊስትነት ማስተማር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ባለሙያዎችንም ያስተምራል። በዳባትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝቡን ልደት፥ ሞትና ጤና የሚመዘግብ የምርምር ጣቢያ አቁሟል። ዳሩ ግን ባለሙያዎቹ ከሕዝቡ ብዛት ጋራ ሲመዛዘኑ ጥቂቶች ናቸው። የምክር ሕክምና ደግሞ አንድ ጊዜ መርፌ ተወግቶ እንደሚለቀቅበት ሕክምና አይደለም፤ በየሳምንቱ መመላለስን ይፈልጋል። ከተራራው ሥር የሚኖር ገበሬ በየሳምንቱ ጎንደር ልመላለስ ቢል፥ ለሕክምናው ከሚከፍለው ይልቅ ለመኪናና ለማደሪያ የሚከፍለው ይበልጥበታል፤ እርሻውም ይታጐልበታል።

ሕዝባችን እስከ ዛሬ ያለ መጽናኛ አልኖረም። የንስሐ አባት ኑዛዜ ይሰማል፤ ሽማግሌ የተጣላውን ያስታርቃል፤ እድርተኛ ኀዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም፤ ሕመምተኛም ጠበል ይጠመቃል። ይኸን ሁሉ የሚንቅ ሐኪም ሕዝቡን አያውቅም። ደግሞም ጠበሉና ሕክምናው ጠላቶች አይደሉም፤ አንድ ሰው ጠዋት ተጠምቆ ከሰዓት በኋላ ከሐኪሙ ጋራ ቢነጋገር፥ የታዘዘለትንም መድኃኒት ሳያቋርጥ ቢወስድ የሚከለክለው ነገር የለም። ይሁን እንጂ በቅዠት የሚባንን ሰው እንዲበረታ ቢመከር ብቻ አይድንም፤ የቅዠቱን መንገድ የሚያውቅ፥ በዚያም መንገድ እጁን ይዞ የሚመልሰው የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል።

በመስመር መመካከር አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ቻድ ቫራ የተባሉ ቄስ በሎንዶን ከተማ፥ ነፍሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ደውሎ የሚያነጋግረው ሰው እንዲያገኝ ቴሌፎን አቆሙ፤ ሳማሪታንስ የሚባለው ማኅበር ከዚያ ተነሣ። በአገራችንም ከሃያ ዓመት በፊት ስለ ኤድስ ለሚጠይቅ ሰው በ952 ቍጥር ያለ ክፍያ የሚደወልበት ወገን የተባለው ስልክ ተከፍቶ ነበር። ፊቱን ማሳየት ያፈረ ብዙ ሰው በዚያ መስመር ጥያቄውን በነጻነት ጠየቀ። ከዚህ የምንማረው፥ ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው የሚያፍረውን ነገር በስልክ ለመናገር አንዳንድ ጊዜ የሚቀለው መሆኑን ነው።

በኢንተርኔት የመከራን ቍስል ማከም ደግሞ በ1990ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ይኸው ዘዴ ለእኛ ወደሚቀርብ አገር ተሻገረ። በበርሊን ያለው የግፍ ተጐጂዎች ማከሚያ፥ በጦርነት ውስጥ ላሉ የኢራቅና የሌሎችም ዐረብ አገሮች ሰዎች በዐረብኛ ቋንቋ በኢንተርኔት ሕክምና አዘጋጀ። ታማሚው በአምስት ሳምንት ውስጥ ዐሥር ጊዜ ይጽፋል፤ ሐኪሙም ከሩቅ አንብቦ ይመልስለታል። በመጀመሪያው ክፍል የደረሰበትን መከራ ሳይሸሽግ፥ አሁን እንደሚያየው አድርጎ ይጽፋል። በሁለተኛው ክፍል እንደ እርሱ ለተጐዳ ወዳጁ የምክር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለሌላው ሲራራም ለራሱ መራራትን ይማራል። በመጨረሻው ክፍል ያለፈውን የሚሰናበትበት ደብዳቤ ይጽፋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በወጣው ጥናት 159 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ሲመረመሩ፥ ከታከሙት የሚበዙት ሕመማቸው እጅግ ቀለለላቸው፤ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ግን ጥቂት ብቻ ተለወጡ። ጥይት በሚሰማበት አገር የተቀመጠ ሰው እንዲህ ከታከመ፥ ለእኛም ወገን ተስፋ አለው ማለት ነው።

ነገሩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እናሳያለን። በጦርነቱ ወንድሙን ያጣ አንድ የደባርቅ ባለበቅሎ አለ እንበል። እንቅልፍ የለውም፤ ማታ ማታ አረቄ ይጠጣል፤ ልጆቹንም ያለ ምክንያት ይቈጣል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሐኪሙ በስልክ ማንነቱን፥ ያለበትን ስፍራ፥ ምን እንደሚጠጣና ነፍሱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ መስመሩ ቢቋረጥ ወይም አደጋ ቢመጣ የሚጠራለትንም የቅርብ ሰው ስም ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ ትንፋሹን ቀስ ብሎ በሆዱ እየሳበ ቀስ ብሎ ማውጣትን ያስተምረዋል፤ ይህም የሚሮጠውን ልብ ያበርዳል። ከዚያ ወዲያ የሸሻቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ ያስቈጥረዋል፤ በዚህ ሳምንት እስከ ወንዙ፥ በሚመጣው ሳምንት እስከ ገበያው፥ ኋላም ወንድሙ እስከ ወደቀበት መንገድ ከሚያምነው ሰው ጋራ ይሄዳል። ልብም ፈርቶ የሸሸውን ደጋግሞ ሲያየው፥ አደጋው ያለፈ መሆኑን ቀስ በቀስ ይረዳል። መንገዱ ዛሬም አደገኛ ከሆነ ግን ፍርሃቱ ጥበብ ነውና ሐኪሙ አያስገድደውም።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ለመስጠት ሁል ጊዜ ታላቅ ሐኪም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በአምስት ቀጠሮ የሚፈጸም የምክር ዘዴ አውጥቷል። በእርሱም ሐኪም ያልሆነ፥ ግን ተገቢውን ሥልጠና ያገኘ፥ በባለሙያም የሚጠበቅ ሰው አራት ነገሮችን ያስተምራል፤ ትንፋሽን ማብረድ፥ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ለይቶ መፍታት፥ የተተወውን ሥራ በጥቂቱ መቀጠል፥ ከወዳጅ ዘመድ ጋራ መገናኘትን ማደስ። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢሠለጥኑና ከሩቅ ያለ ባለሙያ በስልክ ቢመራቸው፥ ይህ ዘዴ እስከ ተራራው ድረስ ሊወጣ ይችላል።

የሱስ ነገር ጥቂት ለየት ይላል። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለምን ጠጣህ ብሎ ሳይሆን፥ በየትኛው ሰዓት፥ ከማን ጋራና ከምን ሐሳብ በኋላ እንደ ጠጣ ነው። ያ ሰዓት ሲታወቅ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሌላ ሥራ ይዘጋጃል፤ ያ ወዳጅ ሲታወቅ የሚገናኙበት ስፍራ ይለወጣል። የተመለሰ ሰው ደግሞ እንደ እርሱ የተመለሱ ባልንጀሮች ያስፈልጉታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ አገር ሁለት ጠጪዎች እርስ በርስ ተረዳድተው የጀመሩት ማኅበር በዓለም ሁሉ ተስፋፍቶ፥ የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ብዙ ስብሰባዎቹን ወደ ኢንተርኔት አዛውሯል። በእኛም አገር ማኅበርና ጽዋ ለምዶ ላደገ ሰው፥ ጠላና አረቄ የሌለበት እንዲህ ያለ ማኅበር እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ነገር ግን በመስመር የማይታከም ነገር መኖሩን ሁሉም ማወቅ ይገባዋል። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው አረቄውን በድንገት ቢያቆም፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ሊጥለውና ሊያስቃዠውም ይችላል፤ ይህም እስከ ሞት ያደርሳል። እንዲህ ያለው ሰው መጠጡን የሚተወው በሐኪም ጠባቂነት ነው። ነፍሱን ለማጥፋት የቈረጠውን፥ ማንም የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማውን፥ ምግብና መጠጥ የተወውንም ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቁ፥ ብቻውንም ሳይተዉ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ደግሞ በኢንተርኔት ሐኪም ነኝ የሚል ሁሉ ሐኪም አይደለም፤ የሙያ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር የለበትም። ሰው መስሎ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራምም ጥሩ ቃል ይናገር ይሆናል፤ በችግር ሌሊት ግን ተነሥቶ በር አያንኳኳም።

ሌላው መሰናክል የመስመሩ ራሱ ነው። በከተማ ኔትወርክ ቢኖርም በገደሉ ሥር ይጠፋል፤ መብራትም ይቋረጣል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ቍስሉን መናገር የጀመረ ሰው በመካከል መስመሩ ቢዘጋበት፥ ተከፍቶ ያልተጠገነ ቍስል ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ብልህ ሐኪም ለዚያ ቀን አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ምስል የሚታይበት ኢንተርኔት ቢቀር በተራ ስልክ፥ ስልኩም ቢቀር በወረቀት በተጻፈ ትምህርትና በአቅራቢያው ባለ የጤና ጣቢያ ሥራው እንዲቀጥል ያደርጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የምስጢር ነገር ነው። በፊንላንድ አገር ቫስታሞ የሚባለው የምክር ሕክምና ድርጅት መዝገቡ በሌባ ተሰርቆ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ከ30,000 የሚበልጡ ሰዎች ለሐኪም የነገሩት ምስጢር በወንበዴ እጅ መግባቱ ተገለጠ፤ ገንዘብ ካልከፈላችሁ እናወጣዋለን እየተባለም ብዙዎች ተጨነቁ። በአሜሪካም በኢንተርኔት ምክር የሚሰጠው ቤተርሄልፕ የሚባለው ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና ነገር ለማስታወቂያ ሥራ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ስለ ተከሰሰ፥ በዚያው አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ወሰነበት። በእኛ አገር በሞያው ያወቀውን ምስጢር ያወጣ ሰው በወንጀል ሕግ ይቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የጤናን ነገር ከፍ ያለ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ነገሮች ጋራ ቈጥሮታል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከቤት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል፥ ስልኩም አንድ በሆነበት ስፍራ፥ ሚስት ስለ ባሏ ዱላ፥ ልጅም ስለ አባቱ ስካር እንዴት አድርጎ ይናገራል? ያልተናገረውንስ ሐኪም እንዴት ያክመዋል?

ስለዚህ በመጀመሪያ የቤተ ሰቡን ድርሻ እንናገራለን። ለታማሚው በቀጠሮው ሰዓት ጸጥ ያለ ስፍራ ይሰጠው፤ ክፍል ባይኖር ሌሎቹ ለአንድ ሰዓት ወደ ደጅ ይውጡለት። ስልኩን ማንም አይመርምርበት። ከሐኪሙ ጋራ ምን እንደ ተነጋገረ አይጠየቅ፤ ራሱ ሊናገር ሲፈልግ ግን ሥራ ተትቶ ይሰማ። በወደቀ ጊዜ፥ ማለትም ደግሞ በጠጣ ጊዜ፥ ድሮስ መቼ ሰው ትሆናለህ አይባል፤ ከሱስ መመለስ በአንድ ቀን የሚፈጸም ሥራ አይደለምና፥ የወደቀበት ሰዓት ተመዝግቦ ለሐኪሙ ይነገር። ሴት ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ የደረሰባትን ግፍ ስትናገር ስለ ቤቱ ስም ተብሎ አፏ አይያዝ፤ ለቤት የሚያሳፍረው ግፉ ነው እንጂ ሕክምናው አይደለምና።

በሥልጣን ላይ ያሉ አንባቢዎቻችንም የበኩላቸው ድርሻ አላቸው። በየጤና ጣቢያው አንዲት በሯ የሚዘጋ ክፍል፥ አንድ ወንበርና አንድ ስልክ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬ ገበያ በወጣበት ቀን ከዚያች ክፍል ገብቶ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ካለው ሐኪም ጋራ ሊነጋገር ይችላል። በውጭ አገር ያሉ አማርኛ የሚናገሩ ባለሙያዎችም፥ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ፥ በዚሁ መስመር ወገናቸውን ሊያግዙ ይችላሉ። መስመሩ በማናቸውም ምክንያት በተዘጋ ጊዜም፥ ቢያንስ የጤና ጣቢያው ስልክ ሳይቋረጥ የሚቈይበትን መንገድ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሕመሙ የሰላምን ቀን አይጠብቅምና።

ጨነቅ ካለው ተራራ በታች በሚገኘው ቤት ዛሬ ማታ አንድ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሊያድር ይችላል። ሐኪሙ ከእርሱ ዘንድ ለመድረስ የብዙ ቀን መንገድ ይሆንበት ነበር፤ ድምፁ ግን ዛሬ በአንድ ጊዜ ሊደርስለት ይችላል። ስልኩን አንሥቶ የሚያቀብለው፥ በሩን ዘግቶለት በደጅ የሚጠብቀው፥ ጠዋትም እንዴት አደርህ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚሰማው ሰው ግን ከዚያው ቤት መገኘት አለበት። ይህን የሚያነቡ አባቶችና እናቶች ሁሉ፥ በየቤታቸው እንዲህ ያለውን ሰው ለመሆን እንዲተጉ አደራ እንላለን።